ክራርን ከምት መጀመር፦ የአንድ ክረምት የሥራ ማስታወሻ

ሰኔ 22

ክራር ከያዝሁ አራት ዓመት ሆኖኛል። ዘፋኝ ማጀብ አያስቸግረኝም፤ የሚያስቸግረኝ ዘፈኑ ጋብ ብሎ «በል አንተ ተጫወት» በተባልሁ ጊዜ በራሴ ፈጥሬ የምጫወተው ሶሎ ነው። ይህን ክረምት ለዚያ ብቻ ለማዋል ወስኛለሁ፤ የሞከርሁትን፣ ያበላሸሁትንና ያወጣሁትን ገንዘብ እዚህ እመዘግባለሁ።

ዛሬ ክራሩን በትዝታ ቅኝት ቃኝቼ (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፤ ስድስተኛው አውታር ከፍ ያለው ዶ ነው) ያለ ምንም አጃቢ ሦስት ደቂቃ ተጫወትሁና ቀዳሁት። ቅጂውን አራት ጊዜ ሰማሁት። አንድም የተሳሳተ ድምፅ የለበትም፤ ሊኖርበትም አይችልም፣ ምክንያቱም ስድስቱም አውታሮች የቅኝቱ ድምፆች ብቻ ስለሆኑ ዓይኔን ጨፍኜ ብነካካቸው እንኳ ከትዝታ አልወጣም። ሆኖም ጨዋታው ወዴትም አይሄድም፤ ሲጀምርና ሲያበቃ አንድ ነው።

ፒያኖ የሚማር ሰው የትኛው ድምፅ ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ ለመለየት ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። የክራር ተጫዋች ግን ያን ጥያቄ አውታሮቹን ቃኝቶ በጨረሰበት ሰዓት መልሶታል፤ የሚቀረው መቼ ልንካ፣ ምን ያህል ላቆየው፣ መቼ ዝም ልበል የሚለው ብቻ ነው። እኔ አራት ዓመት ሙሉ ስለማመድ የኖርሁት የጣት ፍጥነትን ነበር። በዚህ ክረምት ከምቱ እጀምራለሁ።

ያለኝ ዕቃ፦ ክራር፣ ስልክ፣ የቆየ ላፕቶፕ፣ ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም፣ የብሉቱዝ ማዳመጫ፣ እንዲሁም ትልቁ ፊቱ የተቀደደ አንድ የዋንዛ ከበሮ።

ሰኔ 26

የመጀመሪያው ስሕተት የመሣሪያ ሆነ። ኦዳሲቲ ላይ በደቂቃ 80 የሚመታ የሜትሮኖም (በእኩል ልዩነት የሚመታ የምት መቁጠሪያ) ትራክ አዘጋጅቼ፣ እሱን በብሉቱዝ ማዳመጫ እየሰማሁ ክራሩን በላፕቶፑ ማይክ ቀዳሁ፤ ከዚያም የድምፁን ሞገድ አጉልቼ እያንዳንዱ ምቴ ከሜትሮኖሙ ምን ያህል እንደራቀ ለካሁ። ሁሉም ወደ 200 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ አንድ አምስተኛ) ገደማ ዘግይቶ ተገኘ። ሁለት ቀን ሙሉ ሆን ብዬ ለመቅደም ስታገል ቆየሁ።

ነገሩ የገባኝ መዘግየቱ በሁሉም ላይ እኩል መሆኑን ሳስተውል ነው። የሰው እጅ አንዴ ይቀድማል፣ አንዴ ይዘገያል እንጂ ሁልጊዜ በአንድ ልክ አይሳሳትም። ብሉቱዝ ድምፁን ልኮ ጆሮ ላይ እስኪያደርስ ጊዜ ስለሚወስድበት እኔ የምከተለው ሜትሮኖም ራሱ ዘግይቶ የሚደርሰኝ ነበር። ባለ ሽቦ ማዳመጫ በ350 ብር ገዛሁ። ሽቦ ቢሆንም በላፕቶፑ ውስጥ የሚጠፋ ጥቂት ጊዜ ስለማይቀር፣ ማዳመጫውን ማይኩ ላይ ለጥፌ የሜትሮኖሙን ድምፅ መልሼ ቀዳሁትና የተገኘውን ልዩነት ከልኬቴ ሁሉ ቀነስሁ። ራሱን በቅጂ ለመመርመር ያሰበ ሰው ከዚህ ሙከራ ቢጀምር የኔን አራት ቀን ያተርፋል።

ሐምሌ 1

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ምንም መቅዳት ስለማይቻል ሥራውን ከጠዋቱ 11 ሰዓት ላይ አደረግሁት።

በተስተካከለው ልኬት 40 የዜማ ሐረጎችን መረመርሁ። በሐረጉ መካከል ያሉት ምቶች ከቦታቸው ብዙም አይርቁም፤ የሐረጉ የመጀመሪያ ምት ግን በአማካይ 60 ሚሊሰከንድ ይቀድማል። በደቂቃ 80 ሲሆን አንዱ ምት 750 ሚሊሰከንድ ይቆያል፤ ለሦስት ሲከፈል ለእያንዳንዱ 250 ይደርሰዋል። እንግዲህ የኔ ጥፋት የአንዱን ክፍል ሩብ ያህላል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ለማንም ጆሮ የሚሰማ ነው። የምቀድመው ሁልጊዜ ከዝምታ ስነሣ ነው። ስጫወት እቆጥራለሁ፣ ዝም ስል ግን አልቆጥርም፤ ዝምታው እንዲያልቅልኝ ብቻ እጠብቃለሁ፣ ስለዚህም ቶሎ እሰብረዋለሁ።

የሜትሮኖሙም አጠቃቀሜ ጥፋት ነበረበት። የምለማመደው ችክችካ የተባለው የጭፈራ ምት በስድስት ይቆጠራል፤ እኔ የምመታው ቀላሉ መልክ 1 እና 4 ላይ ወፍራም፣ 3 እና 6 ላይ ቀጭን ምት አለው። ሜትሮኖሙን ስድስቱንም እንዲመታ አድርጌው ስለነበር ቆጠራውን እሱ ይሠራልኝ ነበር። 1 እና 4 ብቻ እንዲመታ ሳደርገው ትንሽ ተንገዳግጄ ቆምሁ። 1 ላይ ብቻ እንዲመታ ሳደርገው ግን ጉዱ ወጣ፦ እግሬ ሳይታወቀኝ ስድስቱን ሁለት ሁለት እያደረገ (1-2፣ 3-4፣ 5-6) ለሦስት ይከፍለው ጀመር፣ 4 ላይ ሊያርፍ የሚገባው ወፍራም ምትም ጠፋ። ስድስትን ለሁለትም ለሦስትም መክፈል መቻሉ የዚህ ምት ውበቱ ነው፤ ክራሩ በሦስት ሲሄድ ከበሮው በሁለት ይዞ ሲጠብቀው ትከሻን የሚያነሣው ያ ነው። ሳያስቡት ከአንዱ ወደ ሌላው መንሸራተት ግን ሌላ ነገር ነው፤ መንገድ እንደ መሳት ነው።

ሐምሌ 6

ሜትሮኖም ምቱ የሚወድቅበትን ነጥብ ብቻ ይነግራል፤ በነጥቦቹ መካከል ያለውን አይናገርም። የከበሮ ወፍራም ምት ግን ጅራት አለው፤ ድምፁ እየሟሸሸ እስኪጠፋ ያለው ጊዜ ለጆሮ ይታወቃል። ስለዚህ ከበሮውን ለመጠገን ወሰንሁ።

ትናንት የሐዋርያት ጾም ሲፈታ ጎረቤቶቼ ፍየል አርደው ስለነበር ቆዳውን በ150 ብር ወሰድሁ። በውኃና በአመድ ዘፍዝፌ ጠጉሩን በምላጭ አነሣሁ፤ ዳር ዳሩን በወስፌ በስቼ በ130 ብር በገዛሁት ጠፍር ከሥሩ ካለው ቆዳ ጋር ወጠርሁት።

ሐምሌ 8

ቆዳው ተበላሸ። በዚህ ዝናብ አይደርቅልኝም ብዬ ከከሰል ምድጃ አጠገብ አድርጌው ነበር፤ በምድጃው በኩል ያለው ጎን ቀድሞ ስለደረቀ ሌላውን ሳበው፣ ቀዳዳዎቹንም ከዳር አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ገባ አድርጌ በስቻቸው ስለነበር አራቱ ተተርትረው ወጡ። ቆዳው ሊድን አይችልም፤ ጠፍሩ ግን ደኅና ነው።

ሐምሌ 11

ሦስት ቀን ክራር አልነካሁም፤ የሠራሁት በአፌና በእጄ ነው።

አዝማሪ አድማጭ «ተቀበል!» ብሎ የሰጠውን ግጥም ወዲያው በማሲንቆው ዜማ ላይ የሚያስቀምጠው ቃላቱን ስላጠና አይደለም፤ የስንኙ ልክ ቀድሞ በጆሮው ውስጥ ስላለ ነው። የወል ቤት የተባለው የግጥም ዓይነት ስንኝ ስድስት ቀለም (የቃል ድምፅ ክፍል)፣ ቀጥሎም ስድስት ቀለም አለው፤ በስድስት ለሚቆጠር ምት ከዚህ የቀረበ መለማመጃ አላገኘሁም። ሌሊት ዝናቡን እየሰማሁ ይህችን ገጠምሁ፦

ዝናቡም ዘነበ፣ በቆርቆሮ ቤቴ፤
ምቱን አስተማረኝ፣ እንዳባት እናቴ።

በመጀመሪያ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ አንድ ቁጥር ሰጠሁት፦ ዝ-ና-ቡም-ዘ-ነ-በ፣ ከ1 እስከ 6። የልብስ ስፌት መኪና የሚመስል ድምፅ ወጣ። ቀጥሎ እንደምናገረው አልሁት፦ «ዝናቡም» ፈጠን፣ «ዘነበ» ላይ የመጨረሻውን «በ» ሳብ፣ ከዚያ ትንፋሽ። እንዲህ ሲሆን ግማሹ ስንኝ አንድ ሙሉ ስድስትና የሚቀጥለውን ግማሽ ያዘ፤ የቀረው ሦስት ቁጥር የትንፋሽ ቦታ ሆነ። በዚያ ትንፋሽ ላይ ማንም አማርኛ ተናጋሪ አይቸኩልም፣ እኔም አልቸኮልሁም።

ክራሩን መልሼ ይዤ ስንኙን በልቤ እያልሁ አዲስ 40 ሐረግ ቀዳሁ። የመጀመሪያው ምት መቅደም ከ60 ወደ 35 ሚሊሰከንድ ወርዷል። በሁለት ሳምንት የሜትሮኖም ልምምድ ያላገኘሁትን በሦስት ቀን ንግግር አገኘሁት።

ሐምሌ 16

በአንድ አውታር ብቻ ሶሎ መሥራት። አምስቱን አውታሮች በግራ እጄ ጣቶች አፍኜ የሶልን አውታር ብቻ ክፍት ተውሁት፤ ሰዓቱን አምስት ደቂቃ ላይ ሞላሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ከባድ ነበሩ። ዜማ የለም፣ የምሸሽበት ሌላ ድምፅም የለም። የተለመዱት መሙያዎቼ ሁሉ ሲያልቁ ግን እጄ ሌላ ነገር ይፈልግ ጀመር፦ አንዴ ጠንከር፣ አንዴ ለስለስ፤ 1ን ዘልሎ ከ2 መነሣት፤ ሁለት ሙሉ ስድስት ዝም ብሎ 6 ላይ አንድ ጊዜ ብቻ መንካት። በመጨረሻ አንዲት አጭር ጥያቄና መልስ ተገኘች፤ አንድ ድምፅ ብቻ ሆና ሳለ ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች ጠዋት ሲያንጎራጉሯት ሰማሁ።

እዚህ ላይ ለክራር ተጫዋቾች በዝርዝር ልጽፍ የሚገባኝ የቀኝ እጅ ጉዳይ አለ። እስካሁን ዝም ስል ቀኝ እጄን አቆመው ነበር፤ ስጀምርም ከቆመበት አስነሣዋለሁ፣ የመቅደሙም አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አሁን አውታሮቹን ስገርፍ እጄ አይቆምም፤ የያዝሁት የቆዳ መምቻ ስድስቱን ቁጥር ሁሉ ወደ ታችና ወደ ላይ ይሄዳል፣ የሚሰማውንና የማይሰማውን የሚወስነው የግራ እጅ ነው። ጣቶቼ በሙሉ አውታሮቹ ላይ ሲያርፉ መምቻው የታፈኑትን አውታሮች ሲፍቅ «ችክ» የሚል ደረቅ ድምፅ ብቻ ይወጣል፤ አንድ ጣት ሲነሣ የዚያ አውታር ድምፅ ይወጣል። ዝምታው ባዶ መሆኑ ቀርቶ የሚቆጠር ሆነ። ሁለት የናይለን አውታር በዚህ ልምምድ ተበጥሶ በ60 ብር ተካሁ፤ መምቻውን አጥብቄ ስለምይዘው ነው፣ ላላ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሐምሌ 21

ሁለተኛው ቆዳ (200 ብር) ያዘ። ቀዳዳዎቹን ከዳር ሦስት ሴንቲ ሜትር ገባ አድርጌ በሳሁ፣ ቤት ውስጥ በጥላ አምስት ቀን አደረቅሁት፣ ጠፍሩን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያጠበቅሁ ተቃራኒ ለተቃራኒ ወጠርሁት። ጠዋት ጠዋት እርጥበቱ ስለሚያላላው ድምፁ ይወርዳል፤ ከምድጃው ራቅ አድርጌ እያዞርሁ ሳሞቀው ይመለሳል።

ሐምሌ 25

ከበሮውን ላሳያቸው የሰፈራችን መሪጌታ ዘንድ ሄድሁ። በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «ደኅና ነው፣ ትንሹ ፊት ብቻ ይጥበቅ» አሉኝ። የምሠራውን ስነግራቸው «ልጄ፣ አንድን ነገር ስንት ዓይነት አድርገህ ትለዋለህ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አንድ ጊዜ ብዬው ወደ ሌላ እሄዳለሁ፣ መሪጌታ።»

«እኛ አንሄድም» አሉና ጉልበታቸውን በእጃቸው እየመቱ አሳዩኝ። አንዱን ዜማ በመጀመሪያ በቁም ያለ መሣሪያ አሉት፤ ቀጥለው ያንኑ በዝማሜ፣ መቋሚያው ሲወዛወዝ እንዳለው፤ ከዚያ ከበሮው ሲገባ በመረግድ፤ በመጨረሻ ፈጠን ባለው በጽፋት። ቃሉ ያው ነው፣ ዜማውም ያው ነው፤ ምቱ ሲለወጥ ግን በቁም ሲባል አንገቴን ያስደፋኝ ቃል በጽፋት ሲደርስ ከመቀመጫዬ ሊያስነሣኝ ደረሰ። ከቅዱስ ያሬድ፣ ከ6ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ሥርዓት ውስጥ ይህ በየበዓሉ ሲፈጸም እየሰማሁ አድጌ ሳለ ለክራሬ የሚሆን ትምህርት እንዳለበት አስቤ አላውቅም ነበር።

ሙላቱ አስታጥቄም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኒው ዮርክ ላይ የኛን ቅኝቶች ከላቲን ከበሮዎች ጋር ሲያዋሕድ በዜማው ሥር ያለውን ምት መለወጥ ምን ያህል እንደሚያርቅ አሳይቷል። እኔ አዲስ ነገር ለመፍጠር ሁልጊዜ አዲስ ድምፅ ፍለጋ እሄድ ነበር።

ዛሬ ማታ የሐምሌ 16ቷን አጭር ሐረግ ይዤ አራት ዓይነት አደረግኋት፦ ያለ ምት በነፃ፣ በደቂቃ 50፣ በ80፣ በ110። 110 ላይ ጣቴ ስላልደረሰ ከስድስቱ ድምፅ ሁለቱን ጣልሁ፤ የተረፈው ከመጀመሪያው የተሻለ ሆነ።

ነሐሴ 4

በአቅራቢያዬ የሚኖር፣ ከባህል ቡድን ጋር ከበሮ የሚመታ ወጣት እሺ ብሎኝ መጣ። በደቂቃ 80 ጀመርን። ሁለት ደቂቃ እንደሄድን አቆመኝ።

«ወንድሜ፣ ትሮጣለህ።»

«ሜትሮኖም ላይ እኮ አልሮጥም።»

«ሜትሮኖሙ አይሰማህማ። እኔ እየሰማሁህ ነው፤ ስትሮጥ እንዳልጥልህ አብሬህ እሮጣለሁ።»

ቅጂውን ስቆጥረው እውነቱን ነው፤ ከ80 ተነሥተን 92 ደርሰናል። ሜትሮኖም ስሳሳት ጥሎኝ ስለሚሄድ እመለሳለሁ። ሰው ግን ከጥፋቴ ጋር አብሮኝ ስለሚመጣ ጥፋቱ የሁለታችን ይሆናል፤ ለካ ከሰው ጋር ሲጫወቱ ምትን መጠበቅ ለሌላውም ኃላፊነት መውሰድ ነው። ይህን አራት ወር ብቻዬን ብለማመድ አላውቀውም ነበር።

ብዙ ሞከርን። በእግር መርገጥ አልጠቀመም፣ እግሬም አብሮ ይሮጣል። የጠቀመን የእሱ ታናሽ እህት እስክስታ ነው። ምቱ ልኩን ሲይዝ ትከሻዋ ወርዶ ለመመለስ ጊዜ አለው፤ ስሮጥ ትከሻዋ ሳይወርድ ስለሚመለስ እንቅስቃሴው ያጥራል፣ እሷም ፊቷን ታኮሳትራለች። ዓይኔን ከአውታሮቹ አንሥቼ ትከሻዋን እያየሁ ስጫወት በሁለት ደቂቃ የደረስነው 85 ብቻ ሆነ።

ሦስቱን በሁለት ላይ መጫወት (እሱ 1 እና 4፣ እኔ 1፣ 3 እና 5) ለአራት ሙሉ ስድስት ያህል ይዤ እለቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ ወይ እሱን እከተላለሁ፣ ወይ እሱ እኔን ይከተላል።

ነሐሴ 12

የቡሄ ልጆች ዛሬ ማታ በር ላይ መጡ፤ ስምንት ይሆናሉ፣ ትልቁ ከአሥራ ሁለት ዓመት አይበልጥም። ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ አውራጁ ግጥም ያወጣል፣ ሌሎቹ «ሆ» ይላሉ። ስልኬን ይዤ ወጣሁና ቀዳኋቸው።

አውራጁ የበራችንን አዲስ ቀለም አይቶ ወዲያው ግጥም ገባበት። በሁለተኛው ስንኝ መካከል ቃል ጠፋበት፤ አላቆመም፣ አልቸኮለምም፣ ዱላው ሁለት ጊዜ እስኪወርድ ዝም አለና በሦስተኛው ቃሉን ይዞ ገባ። «ሆ» ባዮቹ ሳይዛነፉ ተቀበሉት፤ ዝም ማለቱን ከኔ በቀር ማንም ያስተዋለ አልመሰለኝም። ሙልሙል ዳቦና ጥቂት ብር ሰጥተናቸው ሄዱ። ቅጂውን በኦዳሲቲ ከፍቼ አየሁት፤ የተመለሰበት ቃልና ዱላው በሞገዱ ላይ አንድ ላይ ቆመዋል፣ ብለካቸውም ልዩነታቸውን መለየት አልቻልሁም።

ነሐሴ 15

እንደ ሰኔ 22ቱ በትዝታ ያለ አጃቢ ሦስት ደቂቃ ቀዳሁ። በመጀመሪያው ቅጂ የቆጠርኋቸው ድምፆች 780 ነበሩ፤ አሁን 410 ናቸው። በመጀመሪያው ረጅሙ ዝምታ አንድ ሰከንድ አይሞላም ነበር፤ አሁን ሁለት ሙሉ ስድስት፣ ማለትም ሦስት ሰከንድ የቆየ አለ፣ ከዚያም ስነሣ የሳትሁት በ15 ሚሊሰከንድ ነው። የሐረግ መጀመሪያ አማካይ ጥፋት 20 ሚሊሰከንድ ደርሷል። ፍጥነቱ አሁንም ይጨምራል፤ በሦስት ደቂቃ ከ80 ወደ 84 ሄዷል።

ጠቅላላ ወጪ 890 ብር ነው፤ የተበላሸው ቆዳ 150 ብር ውስጡ አለ።

ሦስቱን በሁለት ላይ መያዝ ገና ነው፤ አምስተኛው ስድስት ላይ አሁንም ይፈርስብኛል። ከበሮ መቺው ቅዳሜ ይመጣል፤ በደቂቃ 60 እንጀምራለን፣ እህቱንም ይዞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ።